ለስድስተኛዋ እንግዳ ያልተገዛው ሰደሪያ

ጓደኛዬ የደወለችልኝ ከሥራ ስቶክሆልም ዳር ወዳለው ሰፈሬ ወደ ኖርስቦሪ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ ሳለሁ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ኪሎሽ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ምነው፣ ልትሸጪኝ ነው?»

«ባሌ ነው ጠይቂያት ያለኝ። ቅዳሜ በጀልባው እንወጣለን። ፍሊትቬስት የሚገዛው በኪሎ ነው አለ።»

ፍሊትቬስት የሚሉት ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እንዳይሰምጥ የሚያንሳፍፈውን ሰደሪያ ነው። ባሏ በተማሪነት መጥቶ መሐንዲስ ሆኖ የቀረ፣ ሕግ ከሚጥስ ጦሙን ቢያድር የሚመርጥ ሰው ነው። በፈረንጅ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር፤ ያን በጋ አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ ገዛ። ለያንዳንዱ እንግዳ በልኩ ሰደሪያ ሳልገዛ ሰው አላሳፍርም ብሎ አንድ ወር ሙሉ ብቻውን ሲንሸራሸር ከረመ።

«ሰባ አምስት» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ብትሰምጪ የማለቅሰው እኔ ነኝ።»

«ሰማንያ ሁለት። በቃሽ?»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቄ የቆመው ማን ማን እንደሚመጣ ስጠይቃት ነው። «አንቺና ልጅሽ፣ እኔና እሱ፣ ከዚያ ነርሷ። አምስት ነን፤ አምስት ሰደሪያ ይገዛል» አለችኝ።

ጓደኛዬ ነርሷን ያገኘቻት ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሥራ የገባች ጊዜ ነው። ያገራችን ልጅ ሆና እዚሁ የተማረች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ስዊድንኛው ከአፏ እንደ ውሃ የሚፈስላት ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ዘንድ ስደውል ወይ ነርሷ እሷ ቤት ናት፣ ወይ እሷ ነርሷ ቤት ናት። «እሷ እንዳለችው» የሚል ነገር ከአፏ አይጠፋም። እሷ እንዳለችው ስኳር መቀነስ አለብን። እሷ እንዳለችው ለልጄ በአማርኛ ብቻ ማውራት አለብኝ። ልጄን በየትኛው ቋንቋ እንደምቆጣት ነርስ የምታዝልኝ ሆንኩ።

እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ያለችኝ እሷ ናት። ስቶክሆልም ስንመጣ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። የመጀመሪያውን ክረምት ለሁለታችን የነበረን አንድ ካፖርት ነው። እኔ ጠዋት ቢሮ ላጸዳ እወጣለሁ፤ እሷ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ሳህን ልታጥብ ትገባለች። ባቡር ጣቢያው ውስጥ እንገናኝና ከላዬ ላይ አውልቄ አለብሳታለሁ፤ እኔ በሹራብ ወደ ቤት እሮጣለሁ። «ሙቀትሽ አለበት» ትለኝ ነበር እየቆለፈች። ይህቺን የካፖርት ወሬ ለነርሷ ነግራት ይሆን? ቅናቴ የሚያርፈው እዚህች ላይ ነበር። ባሏን ብታካፍላት ያን ያህል ባልከፋኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የሠራሁትን ሳልሸፍን ልናገር። ከእኛ ቤት በታች ባለው ፎቅ ላይ አንድ የወሎ ሴት ይኖራሉ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። በራቸውን አንኳኩቼ፣ «እማማ፣ ጓደኛዬ በጀልባ ይምጡልኝ ብላለች፤ ቶሎ ይልበሱ» አልኳቸው።

ጓደኛዬ እንዲህ አላለችም። ሰደሪያው አምስት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸው ሲመጡ ስድስት እንሆናለን። ትልቅ ሰው ደግሞ ደጅ ድረስ መጥቶ አይመለስም። ልጅ ከእናቷ አትለይም። ነጂው አይቀርም፤ ሚስቱም አትቀርም። የምትቀረው አንዲት ሰው ብቻ ናት። ከተጠየቅኩ፣ የተጠራ ሰው አንድ አስከትሎ ቢመጣ ምን አለበት፣ ይሸጋሸጉ የለም ወይ፣ ልል ተዘጋጅቻለሁ። ጀልባ ቤት እንዳልሆነ ልቤ ያውቃል።

እማማ አረንጓዴ ሻርፓቸውን ለብሰው ወጡ። «የሐይቅን ውሃ በልጅነቴ ከዳር አይቼዋለሁ። ላዩ ላይስ ወላሂ ወጥቼ አላውቅም» እያሉኝ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን ያዙኝ። ያኔ ትንሽ አፈርኩ። ግን አልተመለስኩም።

ጀልባዋ የታሰረችበት የእንጨት መድረክ ላይ ሰደሪያዎቹ ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንገታቸው ላይ ኪሎ የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ነርሷ የራሷን ለብሳ ጨርሳለች። ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ እኔን ጥላ እየሮጠች ሄደችና በስዊድንኛ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ነርሷም ተንበርክካ የልጄን ሰደሪያ በእግሮቿ መሃል የሚያልፈውን ጠፍር አጠበቀችላት። እኔም የራሴን አንስቼ ቶሎ ለበስኩ፤ የያዘ አይለቅም ብዬ።

ባልየው ቆጠረን። ደግሞ ቆጠረን። «ስድስት ነን። ፍሊትቬስቱ አምስት ነው።»

«ወንበሩስ?» አልኩት።

«ወንበሩ ስድስት ነው። ወንበር ግን አያንሳፍፍም።»

እማማ ነገሩ ገባቸው። «ልጄ፣ ጠርታዎታለች ብትለኝ እኮ ነው የመጣሁ» አሉ ወደ ጓደኛዬ ዞረው። «ግድ የለም፤ አውቶቡሱን አሳዩኝና እኔ ልመለስ።»

ጓደኛዬ አየችኝ። ፊቴን ታነባለች፤ ከእሷ የሚደበቅ ፊት የለኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ከእኔ ላይ ዓይኗን አነሳችና፣ «አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ ይምጡልኝ ያልኩት። ለእሱ መንገር ረስቼው ነው» አለች።

«እኔ መዋኘት እችላለሁ» አለች ነርሷ። «እኔ ልቅር፤ የእኔን እማማ ይልበሱት።» ዚፑን መክፈት ጀምራለች።

የፈለግኩት ነገር በራሷ እጅ ሊሆንልኝ ነው። ግን በደግነት ስታደርገው ይበልጥ አናደደችኝ። እዚያ ላይ ባልየው ገባና ፕላስተሩን አነበበ። «ይሄ እስከ ስድሳ ነው፤ አይዝም። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኪሎዎ ስንት ይሆናል?»

«በእኛ አገር የሚመዘን በርበሬ ነው ልጄ።»

ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ እማማን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ እማማን አየ። «ሰማንያ ሁለቱ ልካቸው ነው» አለ። ኪሎዬ እንዲህ በአደባባይ ተነገረ።

ጓደኛዬ ቀረብ ብላ የደረቴን መቆለፊያ ራሷ ፈታችው። «አውልቂ። እንግዳ ይቅደም፤ እኔና አንቺ ቤተኞች ነን።»

«አንቺ ግን ትሄጃለሽ።»

«እሳቸውን ማን ይይዛቸዋል? ያመጣሽውን እንግዳ ልያዝልሽ እንጂ።» ይህን ያለችው ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ ነው።

ሄዱ። ልጄ «ሄይ ዶ፣ ማማ» ብላ በስዊድንኛ ተሰናብታኝ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ነርሷ መለሰች። ነርሷ በእሷና በእማማ መሃል ተቀምጣለች። እኔ መድረኩ ላይ ከሻይ ቴርሞሱና ከሳምቡሳው ጋር ቀረሁ። ብርቱካናማዎቹ ሰደሪያዎች እያነሱ እያነሱ ሄደው ከደሴቶቹ ኋላ ጠፉ። ለአምስት ሰው ከመጣው ሳምቡሳ በንዴት ሦስቱን በላሁ። ዋሽታ ውርደቴን ሸፈነችልኝ፤ ወዲያው ደግሞ አስቀረችኝ። የትኛውን ልያዝ? ቤተኛ ናት ብላኝ ነው ወይስ ልትቀጣኝ? ካፖርቱን ያለበስኳት ሴት አለችኝ ወይስ ሄዳለች? ውሃውን ብጠይቀው አይመልስ።

ሲመለሱ መጀመሪያ የወረዱት እማማ ናቸው፤ ፊታቸው በርቷል። «ማሻአላህ» አሉኝ። «ይህቺ ነርስ ምን የመሰለች ልጅ ናት። እጄን አንዴም አልለቀቀችኝ።» ቁስሌ ላይ ሚጥሚጣ እንደነሰነሱብኝ አላወቁም።

ጓደኛዬ ግን አልወረደችም። «እማማ፣ ሰደሪያውን ይስጧት» አለች ከተቀመጠችበት። «እናንተ ሻይ ጠጡ፤ እኛ እስከዚያች ደሴት ደርሰን እንመጣለን።» ሰደሪያው እማማ ገላ ላይ ሞቆ ነበር። ልለብሰው ስታገል እሷው ስባ ቆለፈችልኝ።

ባልየው ፊቱን ወደፊት አድርጎ ይነዳል። ሞተሩ ይጮሃል። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እማማን ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊያቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።»

«አላደርግም።»

«ብትነግሪኝ ስድስተኛውን እንገዛ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። «የካፖርቱን ነገር ለነርሷ ነግረሻታል?»

ዞር ብላ አየችኝ። «እሱን ምን ብዬ ነው የምነግራት? አንድ ክረምት ሙሉ በረዶ ላይ በሹራብ ስትሮጪ እያየሁ፣ አንድም ቀን ዛሬ አንቺ ልበሺው እንዳላልኩሽ? እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።»

እኔ እንደ ወርቅ ያስቀመጥኩትን እሷ እንደ ዕዳ ስትሸከመው ኖራለች። እጇን ያዝኩት፤ እሷም ያዘችኝ። ለማንም አልነገረችም። ደስታዬ ግን ክፉ ደስታ ነበር፤ እሷ አፍራ እኔ ደስ አለኝ።

ወደ መድረኩ ስንቃረብ ነርሷ እግሯን ወደ ውሃው ሰድዳ ተቀምጣ፣ ልጄን ከፊቷ አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራችላት ነው። እማማ አጠገባቸው ሆነው ያያሉ።

«አሳምራ ነው የምትሠራው» አለች ጓደኛዬ።

«መስመሩ ጠማማ ነው» አልኳት።

ከዚያ ርቀት መስመር አይታይም።