ከምጽዋ የመጣችው ዓሣ

የልጅ ልጄ መስታወቴ ላይ የለጠፈችልኝ መጥጦ የሚይዝ የጎማ መስቀያ ሲላቀቅ «ጧ» ይላል። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ግን እኔን ሽማግሌውን ከደብረ ታቦር ብርድ አንሥታ የምጽዋ ወበቅ ውስጥ ትጥለኛለች።

በደርግ ጊዜ ምጽዋ ወታደር ነበርሁ። ወታደር ስልህ ጀግና እንዳይመስልህ፤ መዋኘት የማያውቅ የወደብ ዘበኛ ነበርሁ። ባሕሩ በየቀኑ ከዳር ሸሽቶ እስኪመለስ በዓለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ጨው ጨው የሚሸት ውሃ ይቀራል። ያችን ዓሣ ያየኋት እዚያ ነው፤ ጣት የምታህል፣ ከሆዷ ሥር ባለ ክብ ነገር ድንጋዩን መጥጣ የያዘች። ማዕበል ቢመታት ንቅንቅ አትልም።

ለፈቃድ ወደ ደብረ ታቦር ስመጣ ይህንኑ ለእጮኛዬ አባት አወራሁ። መሪጌታ ናቸው፤ ሳቁብኝ። ባሕር ሄዶ ይመለሳል፣ ዓሣ ድንጋይ ይጨብጣል ለሚል ቀጣፊ ልጄን አልሰጥም፣ ሠርጉም ቀርቷል አሉ። እሷ ግን እስከ አጥሩ ሸኝታኝ፣ «እንግዲያ አምጥተህ አሳያቸዋ» አለችኝ በቀስታ።

በቀጣዩ ፈቃድ አመጣኋት፤ ከነድንጋይዋ፣ በባሕር ውሃ በተሞላ ጣሳ። በወታደር መኪና መንገዱን ሁሉ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌያት ስመጣ፣ ጓደኞቼ ክርስትናው መቼ ነው እያሉ ቀለዱብኝ።

ስደርስ መሪጌታ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ጣሳውን ለእሷ ትቼ አቧራዬን ልታጠብ ሄድሁ። ስመለስ ፊቷ በርቷል። ውሃው ቢሸታት ደፍታ፣ መንገድ ያደከማት ዓሣ እንድትበረታ ብላ ጠበል ሞልታላታለች። ጨው የለመደችው ፍጥረት ሞታ ነበር። ምን እላታለሁ? ጠበል ገደላት ይባላል?

መሪጌታ መጡ። ጎንበስ ብለው ዓሣዋን በጣታቸው ነካ አደረጓት። ሳብ ቢያደርጓት ድንጋዩ አብሮ ተነሣ።

«ሞታም አትለቅም?»

«አትለቅም፣ የኔታ።»

«በል ሂድና ግዳጅህን ጨርስ» አሉ፣ ሳቃቸውን በጭራቸው እየከለሉ። «ልጄ ትጠብቅሃለች።»

ጠበቀችኝ። ከዚያም ዕድሜ ልኳን እንደዚያች ዓሣ ያዘችኝ፤ እኔን የመሰለ ድንጋይ። አምና ነው የለቀቀችኝ።

መስቀያው ላይ የምሰቅለው ነጠላዋን ነው። ጠዋት ጠዋት «ጧ» ብሎ ይወድቃል። እኔም ጎማውን በምራቄ አርሼ መልሼ እለጥፈዋለሁ።