መስኮቱ ስር

ጣቢያው በር ላይ የፈተሸችኝ ፖሊስ ከቦርሳዬ ውስጥ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቴን አወጣች። ነቅነቅ አድርጋ አንዴ ወደ አየር ረጨችው።

"ጋዝ ነገር ነው። አይገባም።"

"የምተነፍስበት ነው።"

"እኛስ ያለሱ እየተነፈስን አይደል?"

አጠገቧ የነበሩት ሳቁ። ያሰሩኝ ስለታሰሩ የሰፈራችን ልጆች ስብሰባ ላይ ስለጠየቅሁ ነው። ከእስሩ ይልቅ ግን የዚያን ዕለት ሳቅ ይዤባቸዋለሁ።

የሴቶቹ ክፍል አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረችው፤ የምትከፈተውም ወደ ፖሊሶቹ ማብሰያ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲያነዱ ጭሱ በእሷ ገብቶ አይወጣም። ብዙም ሳልቆይ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ።

የጤና ባለሙያ ጠሩ። በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ሳሌን ሰማ። ማዳመጫው ከአንገቱ አልወረደም።

"ቲቢ ነው" አለ።

"አስም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አክታዬን መርምር።"

"እማማ፣ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?"

ሲወጣ ለካቦዋ፣ በእኛ ላይ ለተሾመችው እስረኛ፣ "አየር የምታገኝበት ቦታ ትሁን" ብሎ አዘዘ። ካቦዋም ምንጣፌን ጎትታ መስኮቱ ስር አነጠፈችው። ከየቤቱ የሚመጣልን ምግብ አንድ ትሪ ላይ ተደባልቆ በጋራ ነበር የሚበላው። ከዚያ ወዲያ የእኔ ድርሻ በፌስታል ይወረወርልኝ ጀመር፤ ልጄ ያመጣችው ምግብ እንኳ።

ጭሱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነበር። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀምጬ አድራለሁ። የቲቢ ክኒን አስዋጡኝ፤ ሽንቴ ቀላ፣ ሳሉ ግን ባሰ። ሲብስ ጊዜ "አየር አንሷት ነው" ብለው ይበልጥ ወደ መስኮቱ አስጠጉኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጭሱ ሲበረታ ተነሳሁ። ምንጣፌን ጠቅልዬ በሩ ስር፣ ንጹሕ አየር በሚገባበት ክፍተት አጠገብ አነጠፍኩት። ከዚያ ሄጄ ትሪው ዳር ተቀመጥኩ። ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እማማ፣ ወደ ቦታዎ!" አለች ካቦዋ።

"ቦታዬ ይሄ ነው። መስኮቱ ስር አየር አለ ካልሽ አንቺ ሂጂበት።"

ከቦኬ የመጣች አንዲት ጫት ነጋዴ ከት ብላ ሳቀች። "ወላሂ፣ ሊሞት የደረሰ ሰው እንዲህ አይናገርም!" ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ኮቱ፣ ነይ አዴ፣ ነይ እናቴ፣ ብዪ።"

ጎረስኩ። ካቦዋ ፖሊስ ጠራች።

"አክታዬ ሳይመረመር ክኒን አልውጥም" አልኩት። "ምንጣፌንም አላነሳም። የሚያነሳኝ ካለ ይምጣ።"

ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ቲቢ አለባት ብለው ራሳቸው ስላስወሩ አንድም የሚነካኝ ጠፋ። እስክፈታ ድረስ በሩ ስር ተኛሁ።

ስፈታ ተመረመርኩ። ቲቢ አልነበረም። ሐኪሟ ግን ሳንባዬ እንደ ድሮው እንደማይሆን ነገረችኝ።

ያ ባለሙያ አሁን እዚሁ ጭሮ ከተማ የራሱን ክሊኒክ ከፍቷል። ወደ ቤቴ የሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ስለሆነ ትንፋሼ የሚያልቀው ልክ እሱ በር ላይ ነው። ሲያየኝ ወንበር ያወጣል።

"አረፍ ይበሉ፣ እማማ።"

አልቀመጥም። መድኃኒቴን አውጥቼ እያየኝ እስባለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ዳገቱን እጨርሳለሁ።