መደርደሪያ ላይ የከረመው ጨርቅ

ሰፈሩ ሁሉ «እሺታ» ነው የሚላት። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ልብስ ሰፊዋ አንድም ቀን «አይሆንም» ስትል የሰማት ሰው ስለሌለ ነው። ዚፕ የተበላሸበት፣ ሱሪ የረዘመበት፣ ሠርግ የደረሰበት ሁሉ በሯን ያንኳኳል። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶም እንኳ «እሺ፣ እዚያ አስቀምጠው» ትላለች። ምን ታድርግ፣ አፏ ለምዶታል።

ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። የራሷ ነው። ልጇ ገና ዳዴ ስትል ለራሷ ቀሚስ ልትሰፋበት ገዝታው፣ «ይቺን ሥራ ልጨርስና» እንዳለች ልጅቷ በቁመት በለጠቻት። ጨርቁን የምታወርደው አቧራውን ልታራግፍ ብቻ ነው። ሥራ እንደሆነ መች ያልቅና!

ዛሬ ከሰዓት ታናሽ እህቷ ነገ ሠርግ የምትሄድበትን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። አንዱ እጅጌ ተሰፍቷል፤ ሌላኛውን ብታዞረው ብታገላብጠው አልገጥም አለ። ሰሞኑን እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም፤ በድካም ደንዝዛ የወረቀት ልኩን ሳትገለብጥ ሁለቴ አስቀምጣ፣ ሁለቱንም እጅጌ የቀኝ አድርጋ ቆርጣዋለች። የተረፈው ቁራጭ ለመሐረብ እንኳ አይበቃም።

እህትዮዋ አልተቆጣችም። ቀና ብላ መደርደሪያውን አየችና፣ ያኛው ጨርቅ ቁርጥ የዚህን ቀለም ነው፣ ከእሱ ላይ እጅጌ ብታወጪልኝ ምን አለበት አለች። ስንት ዘመን ሙሉ የተቀመጠ ነገር፣ ለብል ነው እንዴ የምታስቀምጪው?

እሺታ ጨርቁን አወረደች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ መቀሱንም አነሳች። «እሺ» ከንፈሯ ላይ ደርሳ ነበር። ግን አልወጣችም። ድካም ይሁን ንዴት እሷም አላወቀችውም።

«እህት ዓለም፣ ይሄ የኔ ነው» አለች መቀሱን አስቀምጣ። «የኔ የምለው ሌላ ምንም የለኝም። አልቆርጠውም።»

እሺታ የተሰፋውን እጅጌ ፈትታ፣ ቀሚሱን እጅጌ አልባ አድርጋ አስተካከለችላትና ሻርፕ ደርቢበት ብላ ሸኘቻት። እህቷ አኩርፋ ሄደች። ታኩርፋ እንግዲህ!

ከዚያ በጠራራ ፀሐይ በሩን ቀረቀረችና ልጇን ጠርታ ሜትሩን አቀበለቻት። የሰፈሩን ሰው ወገብ በዓይኗ የምትለካ ሴት የራሷን ልክ ረስታዋለች። ልጅቷ ትከሻዋን ለካች፣ ደረቷን ለካች። ወገቧ ላይ ስትደርስ ሜትሩን አየት አድርጋ የራሷ ወገብ ላይ ጠመጠመችው።

«ምነው?» አለቻት እናቷ።

«እማዬ፣ ልክሽ ከኔ ያንሳል እኮ።»

እሺታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጨርቅ የገዛችው ሴት ሞላ ያለች፣ ደልደል ያለች ነበረች። የሰው ቀሚስና የሰው ሱሪ ስትሰፋ ስትተረትር አለቀች፤ ስታልቅም ማንም ልብ አላላትም፣ ራሷም ጭምር።

በሩ ተንኳኳ። ዚፑ እንዲሠራለት የሰጣትን ሱሪ ሊወስድ የመጣ ጎረቤት ነው። ልጅቷ ልትከፍትለት ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ ይመለሳል» አለች። «ደግመሽ ለኪኝ። ቀስ ብለሽ።»