ይታይሽ፣ የዳንግላዋ ሰዓት ሠሪ

ደጉ ውዱ ዓይኑ ጨርሶ የጠፋው በ1954 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው፤ ያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስቀድሞ በኩራዙ ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ያይ ጀመር። ቆይቶ ከጎኑ የሚመጣ ሰው የማይታየው ሆነ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሚስቱ ይታይሽ፣ ወረንጦውን በቀኝ እጁ እንደያዘ በግራው ጠረጴዛውን ሲዳብስ አገኘችው። የሚፈልጋት ብሎን ፊት ለፊቱ ነበረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣታልና ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ነበር የምትለው።

«ከገና ወዲህ» አለ ደጉ። «ይመለሳል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ለማንም አልተናገሩም። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱንም በኩፍኝ ቀብረዋል። መሬት የላቸውም። ያለቻቸው ዳንግላ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለችው ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ብቻ ናት፤ ዓይነ ስውር ሰዓት ሠሪ ዘንድ ደግሞ ሰዓቱን ይዞ የሚመጣ አይኖርም። ስለዚህ ክፍሏን በአቡጀዲ መጋረጃ ከፈሏት። ደጉ እንደ ወትሮው ከፊት ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ያደርግና ሕመሙን ይናገራል፤ የሚመለስበትን ቀን ነግሮ ባለቤቱን ይሸኛል። ከመጋረጃው ጀርባ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ ማጉያውን ዓይኗ ላይ አድርጋ የምትሠራው ይታይሽ ናት።

ማስተማሩ ከዓመት በላይ ፈጀ። ሁሉም በቃል ነበር። እሷ የምታየውን ትነግረዋለች፤ እሱ ቀጥሎ የሚነካውን ይነግራታል። አንድ ቀን የጤፍ ፍሬ የምታህል ብሎን ከእጇ አምልጣ ወለሉ ላይ ጠፋች። ሁለቱም ተንበርክከው አፈሩን በመዳፋቸው ሲያበጥሩ ዋሉ። ያገኛት እሱ ነው። አንስቶ መዳፏ ላይ ካስቀመጠላት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደጉ የግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ሰው ነው። በአገውኛ ነው ያደገው፤ አማርኛውንም ሙያውንም ያገኘው አዲስ አበባ አራዳ፣ ሙሴ ካራፔት ከሚባል አርመናዊ ሱቅ ነው። ጠራጊ ሆኖ ገብቶ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሠሪ ሆኖ ወጣ። እሷ ስትሠራ እሱ ሙሴ ካራፔት ያወራለትን ያወራላታል፤ ከሁሉ የሚወደው የቫልሞርን ወሬ ነበር።

ቫልሞር በስዊስ አገር የሚሠራ ሰዓት ነው። የጀመሩት፣ ሙሴ ካራፔት እንደሚለው፣ ሁለት ወንድማማች ላም አርቢዎች ናቸው። መንደራቸው ተራራ ላይ ነው፤ በብርድ ወራት በረዶው መንገዱን ሲዘጋው ስድስት ወር የሚወጣም የሚገባም የለም። ወንድማማቾቹ ያን ስድስት ወር በመስኮት ሥር ቁጭ ብለው የሰዓት ጥርስ ይሞርዱ ጀመር። ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም በዚያው ቀጠሉ። አንድን ሰዓት የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ከመጀመሪያዋ ብሎን እስከ መጨረሻዋ ሌላ ሰው አይነካትም። እያንዳንዱ ሰዓት ቁጥር አለው፤ ለማን እንደተሸጠ በትልቅ መዝገብ ይጻፋል።

«ሰው ወርቁን አይቶ ነው የሚመኘው» ይላል ደጉ። «ወርቁስ ከማንም አንጥረኛ አይጠፋም። እኔን የገረመኝ ውስጡ ነው። ማንም በማያየው በኩል፣ ከጥርሶቹ ሥር እንኳን ሳይቀር፣ እንደ መስታወት ወልውለውታል። ለማን ብለው ነው? ለሚጠግነው ሰው ካልሆነ ለማንም አይታይም።»

በአገሩ ያየው ቫልሞር አንድ ብቻ ነው፤ የአቶ ዋጋዬ። ዋጋዬ የቆሰበር ከተማ ኑግና ቆዳ ነጋዴ ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ ከሙሴ ካራፔት ሱቅ ያንን ሰዓት ሲያይ ከግልቢያ ፈረሶቹ ሁለቱን ሸጦ ገዛው። ከዚያ በኋላ በግምጃ ቤት ገበያ ቀን እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን ሲያይ ለማየት ብቻ «ስንት ሰዓት ሆነ?» የሚለው ሰው ብዙ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ውስጡን ለማሳጠብ ዳንግላ ይዞት መጣ። የደጉ ዓይን ያን ጊዜ ደኅና ስለነበር በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ ሦስት ቀን አቆየው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር፣ ዋጋዬ ጠፋ። ከጊዮርጊስ በዓል የፈረስ ጉግስ ከንግድ ሸሪኩ ከቢሻው ጋር ሲመለስ ነበር። ቢሻው «መንገዱ መገንጠያ ላይ ተለያየን» አለ። ፈረሱ ኮርቻው ላዩ ላይ እንዳለ በማግስቱ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ሣር ሲግጥ ተገኘ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረው ቢያወርዱ የሐይቁ ወለል አልተገኘም። ሐይቁ ከነሰዓቱ ወሰደው ተባለ። በተዝካሩ በሬ ያረደው ቢሻው ነው። የዋጋዬ ሚስት ስሜነሽ በየወሩ ሐይቁ ዳር እየሄደች ታለቅስ ነበር፤ ይህን ዳንግላም ሰምቶታል።

በ1957 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ቀን፣ ድምፁን ደጉ የማያውቀው ሰው ሱቁ ገባ።

«ሰዓቴ ቆመብኝ» አለ ሰውየው።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከጥሊሊ።»

ደጉ ሰዓቱን ተቀበለ። ጆሮው ላይ አላደረገውም። መዳፉ ላይ መዘነው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዞረው፤ መሙያውን ሁለት ጊዜ ብቻ አዞረ። ይታይሽ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታይ የደጉ ፊት ተለውጧል።

«ዘይቱ ደርቋል» አለ ደጉ በደኅና ድምፅ። «ሐሙስ ይምጡ።»

ሰውየው ሲወጣ ይታይሽ ክዳኑን ከፈተችው። ውስጡ ደጉ እንዳለው ነበር፤ አቧራ እንኳን የደፈረው አይመስልም። በክዳኑ የውስጥ ወገን በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ትንንሽ ፊደላት አየች። ሰዓት ሠሪ የጠገነውን ሰዓት እንዲህ ምልክት ያደርግበታል፤ ባለቤቱ ግን አያውቀውም።

«አንብቢልኝ» አለ ደጉ።

«ደ እና ው። ከሥሩ ሃምሳ ሦስት።»

ደጉ አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ። «ውኃ ነክቶታል?»

«ዝገት የለም። ሁሉም ያበራል።»

«ሐይቅ አልገባም እንግዲህ» አለ።

ሰውየው ማን እንደሆነ ያወቁት ይታይሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታ መኪና ማቆሚያው ላይ መኪና ሲጠብቅ ከደረሰችበት በኋላ ነው። የጭነት መኪናው ረዳት «ጋሽ ቢሻው» እያለ ወደ ቆሰበር አሳፈረው።

ረቡዕን ሙሉ ተከራከሩ። ደጉ መጀመሪያ እሺ አላለም።

«ፖሊስ ጋ ብንሄድ ምልክቱን ማን አየው ይሉናል። እኔ አየሁት ብል ዐይኔን ይፈትኑኛል። አንቺ አየሽው ከተባለ ሱቋ በዚያ ቀን ተዘጋች ማለት ነው። ከዚያ ምን እንበላለን?»

«ስሜነሽ ሁለት ዓመት ውኃ ዳር ታለቅሳለች» አለች ይታይሽ። «እሱ ተዝካሩን በልቶ ሰዓቱን አስሮ ይሄዳል። እኔ ይህን እያወቅሁ እንዴት ዘይት ቀብቼ እመልስለት?»

ደጉ ሰዓቱን ዳብሶ አገኘና ወደ እሷ ገፋው። «አጥበሽ ጨርሺው» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ዘይቱ ደርቆበት ዳኛ ፊት አይቅረብ። ከዚያ እንሄዳለን።»

ሐሙስ ቢሻው ሲመጣ ሁለት ፖሊሶች ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ።

ክሱ በተሰማ ቀን የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ቢሻው ሰዓቱን ከማያውቀው ነጋዴ እንደገዛ ተናገረ። ነገረ ፈጁም ተነሥቶ ምልክቱን ደጉ ከሰሞኑ እንዳልጫረው ማረጋገጫ የለም ሲል ተከራከረ። ዳኛው ደጉን ጠየቁት።

«ይህን ምልክት መቼ ነው የጫርከው?»

«በሃምሳ ሦስት ነው ጌታዬ። ከሰሞኑ ልጭረው አልችልም። ከሃምሳ አራት ጾም ጀምሮ ዓይኔ አያይም።»

ከሕዝቡ መካከል ብዙዎች ያን ጊዜ ክንዳቸው ላይ ያሰሩትን ሰዓት እሱ ዘንድ ያስጠገኑ ነበሩ።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰውን ሰዓት የሚሠራው ማን ነው?»

«ባለቤቴ ናት» አለ ደጉ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ዳኛው ከተቀመጡበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር የሚያየው።

ዳኛው ይታይሽን አስጠርተው ሰዓቱን እፊታቸው እንድትፈታው አዘዙ። ክዳኑን ከፍታ ቁጥሩን አነበበች። ቁጥሩ በሙሴ ካራፔት በኩል ወደ ስዊስ አገር ተጻፈ፤ ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። በዚያ ተራራ መንደር ያለው መዝገብ ሰዓቱ ወደ አራዳው ሱቅ የተላከበትን ዓመት ይዞ ተገኘ፤ ሙሴ ካራፔትም ለዋጋዬ መሸጡን በፊርማው አረጋገጠ።

ያን ጊዜ ቢሻው ቃሉን ለወጠ። ሰዓቱን ሐይቁ አፋፍ ላይ ወድቆ እንዳገኘው፣ ካየው ቀን ጀምሮ ይመኘው ስለነበር ልቡ እንዳልቻለ፣ ሁለት ዓመት በኑግ ጆንያ ደብቆ ብቻውን ሲሆን እያወጣ ድምፁን ይሰማ እንደነበር ተናገረ። ሲናገር አለቀሰ። ሬሳ የለም፤ ያየ ሰው የለም። ፍርድ ቤቱ የሰው ዕቃ ደብቆ በመገኘት አንድ ዓመት ከስድስት ወር ፈረደበት። ስለ ዋጋዬ ምንም አልፈረደም።

ሱቋ ደጉ እንዳለው ሆነች። የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ሰላምታቸውን አልነሷቸውም፤ ግን ሰዓታቸውን ወደ ባሕር ዳር ይልኩ ጀመር። ይታይሽ ጥጥ እየፈተለች ቀን አሳለፈች። ደጉ ከመንገዱ ዳር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

ቢሻው ተፈትቶ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት በዚያ በኩል አለፈ። ቆመና ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ደጉ። ድምፁን ያወቀው መልሱን ከሰጠ በኋላ ነው። ያን ቀን እራት አልበላም። «ለምን መለስኩለት?» እያለ ይታይሽን ደጋግሞ ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ በመጣው ኅዳር ደጉን ሳል ያዘውና በዘጠኝ ቀን ሞተ። ለቅሶው ላይ ስሜነሽ ከቆሰበር በእግሯ መጣች። ሰዓቱን ፍርድ ቤቱ መልሶላታል፤ ከሣጥን አውጥታው አታውቅም። ከይታይሽ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ሐይቁ ጋ መሄድ ተውኩ» አለቻት ዝቅ ብላ። «እዚያ እንደሌለ አወቅሁ። የት እንደምሄድ ግን አላወቅሁም። አንቺስ የባልሽን መቃብር ታውቂዋለሽ።»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ይታይሽ እጇን ያዘቻት፤ ቀኑን ሙሉም እንደተያያዙ ዋሉ። በፋሲካ ማግስት ሱቋን ለልብስ ሰፊ አስረክባ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ የጣቷን ቅልጥፍና አይተው የተበጠሰ ክር በሚቀጥሉት ሴቶች መካከል አቆሟት።