ጃፓናዊው የተሸከመው ድንጋይ

አትክልት ሰበታ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ ቢሮ ታይፕ ትመታለች። ከሥራ ስትወጣ ጎረቤቷ ኦቦ ባይሳ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ይጠብቋታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ማየት የተሳናቸው፣ መጥረጊያ እየሠሩ የሚያድሩ ሰው ናቸው። ጣቶቻቸው ሣሩን ሲያስሩ ጆሮአቸው መንገዱ ላይ ነው።

"ዓይኔ፣ መጣሽ?" ይሏታል።

የምታነብላቸው አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደውን የጃፓን ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፤ እሷ ደግሞ እያየች ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። እንዴት ያለ ነገር ነው! ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ የተነሣ የአንድ ሰው ጭንቀት ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ መጣና ሰበታ፣ መጥረጊያ ክምር መሐል ተቀመጠ።

የመጽሐፉ ሰው የታመመች ሚስቱ ውሃ ስትለምነው የተኛ መስሎ ዝም ይላል። ሚስቲቱ ትሞታለች። ይህን የሰሙ ዕለት የኦቦ ባይሳ እጅ ቆመ።

"ገለቴም ጠርታኝ ነበር" አሉ። ገለቴ በክረምቱ የሞተችባቸው ሚስታቸው ናት። "ደክሞኝ ነበር። ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።"

አትክልት መጨረሻውን ቀድማ አንብባዋለች፤ ሰውየው ባሕር ገብቶ ይሞታል። ይህን ለእኚህ ሰው በምን አፏ ታንብብ? ከራሷ ፈጠረች፦ ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ሚስቱ እናት ሄደ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም ይቅር አሉት።

"እንዲህ ነው ወንድ!" አሉ ኦቦ ባይሳ።

እሑድ ዕለት ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ዓለም ገና፣ ወደ አማታቸው ቤት ሄዱ። የገለቴ እናት በር እንኳ ሳይከፍቱ መለሷቸው።

"ያንን ገጽ ድገሚልኝ" አሏት እንደተመለሱ። "ምን ብሎ ነው ይቅር የተባለው? እኔ የሳትኩት ቃል አለ።"

አትክልት መጽሐፉን ገለጠች። "በሩ ላይ ቆሞ፣ 'እናቴ ሆይ' አላቸው..."

"ባለፈው ወድቆ ነበር።"

"አዎ፣ ወድቆ..."

"አትክልት! ጃፓን አገርም ድንጋይ ይሸከማሉ እንዴ?"

እጇ ገጹ ላይ ቀረ። "ዕውርን ከመንገድ የሚያስት ርጉም ይሁን" የሚለው ቃል በልጅነቷ ከሰማችበት ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ጆሮዋ ሥር ቆመ።

"ይቅር በሉኝ፣ ኦቦ። ባሕር ነው የገባው። ለአንቱ ፈርቼ ነው።"

 ሳቅ የመሰለ ነገር ከኦቦ ባይሳ ጉሮሮ ወጣ።

"ሰበታ ደግሞ ባሕር የት አለና!" አሉ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። "እውነቱን ብትነግሪኝም ወደ ገለቴ እናት እሄድ ነበር። ይቅር እባላለሁ ብዬ ግን አልሄድም ነበር።"

በሚቀጥለው እሑድ ድንጋያቸውን እንደገና አነሡ። አትክልት እንደወትሮው እስከ አውቶቡሱ ልትመራቸው ክንዷን ዘረጋች። በትራቸውን መሬት ላይ እየመቱ አለፏት።

"እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ ኦቦ!" አለች።

ቆም አሉ። "ጉድጓዱ የመንገዱ ነው ወይስ ያንቺ?"

መልሷን አልጠበቁም። አውቶቡሱ ጋ ሲደርሱ ክንዳቸውን ለረዳቱ ሰጡ።