ሕመም የሌለው ደም

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ቡሬ ጤና ጣቢያ ገባሁ። አዋላጅ ነርሷ ወጣት ናት። ከመሳቢያዋ የእጅ ባትሪ የምታክል ነገር አወጣችና በገመድ ከስልክ ጋር አገናኘቻት። እኔ አልትራሳውንድ ሲባል የማውቀው ሰው ከንጋት ጀምሮ ወረፋ የሚይዝለትን ትልቁን ማሽን ነው።

"ይቺም ታያለች?" አልኳት።

"ታያለች እንጂ። ሥልጠናውን የጨረስነው ገና በቅርቡ ነው። ድሮ ለዚህ ብለን ሆስፒታል ድረስ እንልክ ነበር።"

ሆዷን ቅባት ስትቀባት እህቴ "ውይ፣ ይቀዘቅዛል!" ብላ ሳቀች። ነርሷም ሳቀች። ከዚያ እጇ ከእምብርት በታች አንድ ቦታ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ስልኩ ላይ ጥቁርና ነጭ ጭጋግ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። ነርሷ ግን ጭጋጉን ታነበው ነበር።

"ልጁ ደህና ነው" አለች በመጨረሻ። "እንግዴ ልጁ ግን የማህፀኑን አፍ ደፍኖ ተቀምጧል። በር ላይ የተጋደመ ሰው ማለት ነው። አንዳንዴ ሆድ ሲገፋ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ደግመን እናያለን።"

ደግመን አየን። አልሸሸም።

"ወርሽ ሲገባ ከሆስፒታል እንዳትርቂ" አለቻት። "የምትወልጂው በቀዶ ሕክምና ነው። ደም ካየሽ ደግሞ፣ ባያምሽም፣ ባያምሽም እልሻለሁ፣ ያኔውኑ ነይ።"

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተነገረውን ቃል በቃል ይይዛል። ያንን "ባያምሽም" ሁለት ጊዜ እንዳለችው ያዝኩት።

ወሯ ሲገባ ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት እንድትሰነብት ተስማማን፤ ቤቴ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ያልተስማማችው እናቴ ናት። በእኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። እናቴ ገጠር፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለችው።

"የእኔ መደብ ምን ሆነና ነው የሰው አልጋ ላይ የምትወልደው?" አለችኝ በስልክ።

"እማ፣ እንግዴ ልጁ መውጫውን ደፍኖታል። በመሣሪያ ታይቷል።"

"ኧረ እናንተ! ሆድ ውስጥ ያለውንም እንደ ጎረቤት ቤት አጮልቃችሁ ማየት ጀመራችሁ? አንቺማ መጽሐፍ ከገለጥሽ ሰው ሳትገድዪ አትዘጊውም።"

ጥቅምት ላይ፣ ወሯ ሊገባ ሲል፣ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም አብሮ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ያለን ሰዎች መንገድ ለምን ተዘጋ ብለን አንጠይቅም፤ መቼ እንደሚከፈት ብቻ እንጠብቃለን። ሲከፈት ልወስዳት ቡሬ ሄድኩ። የእህቴ ቤት ተቆልፏል። ባሏን ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

"እናታችሁ በቅሎ ይዘው በውስጥ መንገድ መጡና ወሰዷት" አለኝ ዓይኔን ሳያይ። "ምን ልበላቸው?"

"ንዳው" አልኩት።

በቆሎው ደርሶ ቆሟል። የደረቀው አገዳ በነፋስ ሲንኳኳ ሰው ከኋላችን የሚሄድ ይመስል ነበር። እህቴን ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘናት።

እናቴ ከቤት ወጣች። "ይቻትልሽ እህትሽ! ማን በላት?"

ተሳሳቅን። አጥሩ ላይ የተሰጣ ነጠላ እስካይ ድረስ እኔም ሳቅሁ። ታጥቧል፤ መሐሉ ላይ ግን ያልለቀቀ ቡኒ ነገር አለ።

"እሱ ምንም አይደል" አለች እህቴ ቶሎ ብላ። "ትናንት ትንሽ ደም አየሁ። ወዲያው ቆመ። እንዲያው ቁንጥጥ እንኳ አላደረገኝም፣ እትዬ።"

"ምጥ አይደለማ" አለች እናቴ ደስ ብሏት። "ምጥ ቢሆን መች ያስቀምጣት ነበር? ያላመመ ነገር ምን ያደርጋል?"

የነርሷን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት፤ ደም ካየሽ፣ ባያምሽም፣ ባያምሽም እልሻለሁ፣ ያኔውኑ ነይ።

እናቴ የያዘችውን የበቆሎ ራስ አስቀመጠች። "እንዲህ አለች? 'ባያምሽም' አለች?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ሳያማት የደማች ሴት አይታለች ማለት ነው።"

"እማ፣ የታወቀ ነገር ነው። ነርስ ሁሉ ያውቀዋል።"

እናቴ መሬት መሬት አየች። አንዲት አክስት እንደነበረችን እናውቃለን፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መጥታ መጋኛ መታት ይባል ነበር፣ ድንገት ሰው የሚጥለው በሽታ። ከዚያ በላይ ተነግሮን አያውቅም።

"እዚሁ ደጅ ላይ ነው" አለች እናቴ። "እህቴም ትንሽ አይታ ቆመላት። አላመመኝም አለች፤ ደስ አለን። ዳግመኛ ሲመጣ አልቆመም። መደቡ ሞላ። እሷ ግን አላመመኝም፣ አላመመኝም እንዳለች ነው የሄደችው።"

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ጋቢውን እናቴ ራሷ አመጣችና እህቴን አልብሳ ባጃጁ ውስጥ መሐላችን አስገባቻት።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሌላ መኪና የለም። ወደ ፍኖተ ሰላም ታጠፍን። መንገዱ ረጭ ብሏል፤ ከብት እንኳ አይሻገርበትም። እህቴ በቀስታ "እትዬ፣ እግሬን ሞቀኝ" አለችኝ።

"ያምሻል?"

"ኧረ ምንም።"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

አንድ ቦታ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። የቆሙት ሰዎች "ወዴት ነው?" አሉ። እናቴ ጋቢውን ከእህቴ እግር ላይ ገለጠችው። ሰዎቹ አዩ፤ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ያነሱ ጀመር።

ሆስፒታል ስንደርስ የእህቴ ከንፈር እንደ አመድ ሆኗል። ልብሷ ተገልጦ ጡቷ መታየቱን እንኳ አታውቅም። "ደም የሚሰጥ ዘመድ?" ሲሉ ሦስታችንም ክንዳችንን ዘረጋን። በሩ ተዘጋ። እናቴ ወንበር እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የወጣችው ሕፃኗ ናት። "ሴት ናት፣ እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች አንዲት ነርስ። እልል ያለ የለም።

"እናቷስ?" አለች እናቴ።

"ደም እየተሰጣት ነው። ገና ነው።"

ያ "ገና ነው" እስከ ማምሻው ድረስ አብሮን ተቀመጠ። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ፊቷን አላየቻትም፤ የምታየው በሩን ነው።

ስንገባ እህቴ ዓይኗን በግማሽ ገልጣለች። እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ "አመመሽ፣ ልጄ?" አለቻት።

"በጣም" አለች እህቴ እያቃሰተች። "በጣም ያመኛል፣ እማ።"

"እሰይ" አለች እናቴ፣ እንባዋ አልጋው ላይ እየወረደ። "እሰይ። ይመምሽ።"