እናቴ ያለቀሰችበት እሑድ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ተከራዮች አከራያችን እትዬ ሳሎን እንሰበሰብ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ወለላችን ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ብርዱ ከእግር ጣት ይጀምርና ጉልበት ላይ ይቀመጣል። እትዬ ሳሎን ግን ምንጣፍ አለ፤ የሰዉም ትንፋሽ ያሞቃል። በዚያ ላይ ቀርቶ ክፍል ውስጥ መዋል ኩራት ይባላል። እኔ ኩሩ መባልንም፣ ሰው መሃል መቀመጥንም እኩል እፈራለሁ። ስለዚህ እሄድና ከበሩ አጠገብ፣ ከፍሪጁ ጎን ባለችው ዱካ ላይ እቀመጣለሁ።

በቴሌቪዥን የምናየው ድራማ እንደ ሌላው ድራማ ሰዎቹ አይቀጥሉም። በየሳምንቱ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ታሪክ ነው። የማይለወጠው፣ መጨረሻው ላይ ሰው መሞቱና እኛ መሳቃችን ነው። አንድ ሳምንት ልጆች በአባታቸው ሬሳ ፊት በውርስ ሲጓተቱ ሬሳው ከአልጋ ወደቀ። ሌላ ሳምንት ሙሽራዋን በሰርጓ ቀን አጥንት አንቆ ገደላት፤ ዘመዶቿ ድግሱ እንዳይበላሽ ብለው መነጽር አድርገውላት፣ ወንበር ላይ ደግፈው ዙሪያዋን ጨፈሩ።

ድራማውን ብቻዬን ባየው ኖሮ ዝም ብዬ የማልፈው ይመስለኛል። ያስጠላኝ የነበረው ሰዉ ነው። እትዬ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ስመው፣ የሙት ዓመት ጸበል ቀምሰው የመጡ ሴት ናቸው። ከሰዓት ሙሽራዋ ስትወድቅ የተፈጨው ቆሎ ከጥርሳቸው መሃል እስኪታይ ይስቃሉ፤ ከሳቁ ጋር የወጣውን ፍርፋሪ ከጉልበታቸው ላይ ለቅመው መልሰው ይቅሙታል። ሥራዬ ምንጣፍ በሚሠሩ ሴቶች ማኅበር ውስጥ የበግ ጠጉር መልቀም ነው። የደረቀ እዳሪ የተጣበቀበትን፣ መዥገር የሞተበትን ጠጉር በጣቴ ስፈለቅቅ እውላለሁ፤ አንድም ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም። እሑድ እሑድ ግን ያቅለሸልሸኝ ነበር።

ከተከራዮቹ አንዱ በጫጫ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር ነው። እሱ ከድራማው ይልቅ እኛን ማየት ይወዳል። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ሥር አቁሞ የሚስቁትን ይቀርጽና «የተመልካች ምላሽ» ብሎ ይለቀዋል። ስልኩ ሲዞርባቸው ሳቃቸው ይጨምራል፤ ያላሳቃቸውም ነገር ያስቃቸዋል። አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ በማግስቱ ሥራ ቦታ ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን ታነብልኛለች። አንዱ «በሳቅ ሞትኩ» ይላል፣ ሌላው «እኔንም ቅበሩኝ»፣ ሌላው «ወፍራሟ ሴትዮ ትደገም»። ወፍራሟ ሴትዮ የተባሉት እትዬ ናቸው። ሲነገራቸው ደስ አላቸውና የሚቀጥለው እሑድ ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ። ከፍሪጁ ጎን የምቀመጠው ስልኩ እዚያ ስለማይደርስ ነው።

ይህን ሁሉ ስል እኔን ንጹሕ አታድርጉኝ። አሁን የምጽፈው የእኔን ድርሻ ነው።

እናቴ አልቃሽ ናት። አገራችን ከአንኮበር ወረድ ብሎ ነው። ሰው ሲሞት ከሦስት አራት ደብር እየመጡ ይጠሯት ነበር። ሙሾ ከማውረዷ በፊት ዘመድ ለይታ ሟቹ ምን ደግ እንደሠራ፣ ምን እንደጎደለበት በሹክሹክታ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እንደተናገረ ሳይሆን አገር እንደመሰከረ አድርጋ ታወጣዋለች። እሷ እያለቀሰች ማንም አያቋርጣትም፤ ነውር ነው።

ዓይኗን ሞራ መሸፈን በጀመረበት ዓመት አንድ ቤት ተጠራች። ቤቱን ታውቀዋለች፤ ከሁለት ወንድማማቾች የታላቁ ቤት ነው። ዘግይታ ስለደረሰች ሬሳው እየወጣ ነበር። ከቤቱ ሲወጣ አየች፤ የሞተው ባለቤቱ መሆኑን ማንንም ሳትጠይቅ ደመደመች። የሞተው ግን ታናሹ ነበር፤ ታሞ ወንድሙ ቤት ይታከም ነበር። ታላቅየው ጋቢውን አጣፍቶ ከሰዉ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሟል። እናቴ እሱን አንስታ፣

«ደጁ የማይዘጋ ለመሸበት እንግዳ፣
ዛሬ ምን አስቆመው ከውጭ እንደ ባዳ»

ብላ አወረደችው። ሰዉ ሁሉ ወደ ቆመው ሰውዬ ዞረ። ማንም አላረማትም፤ ለቀስተኛው ተቀበላት። ሰውየው የራሱን ሙሾ ሰምቶ አለቀሰ።

ይህንን አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ልብስ እያጠብን ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኳት። እኔ ሰው የሚያስቅ ወሬ አውርቼ አላውቅም። የእናቴን ድምፅ አስመስዬ፣ ዓይኔን አጨናብሼ፣ የሳሙና አረፋ የነካ እጄን ደረቴ ላይ እየመታሁ ነገርኳት። ልጅቷ በሳቅ ተንበረከከች። እኔም ሳቅኩ። ደስም አለኝ። የቀረውን ግን አልነገርኳትም። ሰውየው የወንድሙ አርባ ሳይወጣ ታሞ ሞተ፤ ሰዉም «በቁሙ አልቅሳበት ጠራችው» አለ። ለእሱ ለቅሶ እናቴን የጠራት የለም። ከዚያ ወዲህም ማንም አልጠራትም። እሱን ብነግራት አትስቅም ነበር፤ ስለዚህ ተውኩት።

ድራማውን የሚሠሩት ሰዎች ታሪክ ያለው ይላክልን ይሉ ነበር። ልጅቷ የነገርኳትን በስልኳ ልካላቸዋለች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው የደበቀችው።

ወራት አለፉ። እናቴ ዓይኗ ጨርሶ ስለተሸፈነ ሞራው እንዲገፈፍላት ወደ እኔ መጣች። የቀጠሮዋ ቀን ሰኞ ነበር። እሑድ እትዬ ራሳቸው ክፍላችን ድረስ መጥተው፣

«የኔ እመቤት፣ እዚህ በረዶ ቤት ምን ያደርጋሉ? ይምጡና ሳሎን ይሙቁ» አሏት።

«እኔማ አላይም» አለች እናቴ።

«ነገ ያያሉ። ዛሬ በጆሮዎ ይደሰቱ።»

እጇን ይዤ ሄድን። ሶፋው ላይ ከመሃል አስቀመጧት፤ ቆሎ በመዳፏ አደረጉላት። እኔ ወደ ዱካዬ ስሄድ ጓደኛዬ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ፣ «ዛሬ እንኳ ተጠጊ፤ ጉድ አለልሽ» አለችኝ።

ድራማው በለቅሶ ቤት ጀመረ። ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሴት ዓይኗን አጨናብሳ መጣች፤ ግንባሯ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ሳሎኑ ሳቀ። ከዚያ ዞራ የታሰረ አህያ አንገት አቅፋ «አይ ወንድም ጋሼ» አለች። ሾፌሩ እግሩን አንስቶ መሬቱን ደበደበው። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል፤ ያንን ጣት አሁን ድረስ አልረሳውም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴን አየኋት። ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ወዳለው ግድግዳ አቅንታ፣ ቆሎዋን በመዳፏ እንደያዘች ተቀምጣለች።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሴቶች ዋይ አሉ፤ ሙሾ ተጀመረ።

እናቴ ተነሣች። በእኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ የተቀመጠ ይነሣል። አልቃሽ ደግሞ ስትሰማ ዝም ማለት አይሆንላትም። ቆሎውን ሶፋው ላይ አኖረችው። «የማን ለቅሶ ነው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ ዓመታት ያልተጠራችው እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

«ዓይኔ ባያይህም ጆሮዬ ደርሶልህ፣
ለቅሶህን ሰማሁኝ ማን ብዬ ልጥራህ»

አለች። ድምጿ አልተለወጠም ነበር።

ከዚያ እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጠቅጥቀው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ሁሉም ተከተላቸው። ሾፌሩ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ሥር አንስቶ ወደ እሷ አዞረ።

«በርቱ እማማ» አላት። «ይቺማ ከድራማው ትበልጣለች።»

እኔ ከዱካዬ አልተነሣሁም። ልነሣ ፈልጌ እግሬ እንቢ አለኝ ማለት እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ስልኩ እኔንም እንዳይቀርጸኝ ፈራሁ።

ያኔ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴት «ደጁ የማይዘጋ ለመሸበት እንግዳ» አለች። የእናቴ እጅ ደረቷ ላይ ቆመ።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«ምኑ ነው የርስዎ?» አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ።

ጓደኛዬ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ዘላ ተነሣች። «ታሪኩ ነዋ እማማ። የእርስዎ እኮ ነው። እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ላክሁት፣ ተመረጠ።»

እናቴ ወደ በሩ ዞረች። «ልጄ፣ እዚህ አለሽ?»

«አለሁ።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ መዶሻ መምታት ጀመረ። «ይሄ የሚመታው ምንድን ነው?» አለች እናቴ። «ሰውየውን ምን እያደረጉት ነው?»

ሾፌሩ እየቀረጸ መለሰላት። «ሙሾው ስለጣመው የበለጠ ልስማ ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተኛ እማማ። ምስማር እየመቱበት ነው።»

«በቁሙ?»

«በቁሙ።»

እንደገና ሳቁ። እትዬ «ወይኔ ወገቤ» እያሉ ተደገፉ። ከቆሎው አንዷ ፍሬ ከአፋቸው ወጥታ እናቴ ነጠላ ላይ ተጣበቀች፤ እናቴ አላየቻትም። ያቺ ርጥብ ፍሬ ናት ያስነሣችኝ። ሄጄ በእናቴና በስልኩ መሃል ቆምኩ።

«አጥፋው» አልኩት።

«ዝምተኛዋ ተናገረች» አለ ለሰዉ።

«አጥፋው።»

«ምነው አንቺ፣ ቀልድ እኮ ነው። እናትሽን አገር ይወዳቸዋል፤ ነገ ጠዋት አንድ ሺህ ሰው ነው የሚያያቸው።»

«ሰውየው ሞቷል» አልኩ። «በእውነት ነው የሞተው። የወንድሙ አርባ ሳይወጣ። እናቴ ጠራችው ብለው ከዚያ ወዲህ ማንም አይጠራትም። ይህንን ጽፈህ ልቀቀው።»

ጓደኛዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ይሄን አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

ሾፌሩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ይኸው» ብሎ ሲያጠፋው አሳየኝ። እትዬ «ምን ዓይነት ነገር ነው» ብለው ድምፁን ቀነሱ። አላጠፉትም ግን፤ ቀነሱት። እናቴን ደግፌ ስወጣ ዓይናቸው ተመልሶ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲንሸራተት፣ የቆሎው ድምፅም እንደገና ሲጀምር ሰማሁ።

ክፍላችን ገብተን አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ፍሬዋን ከነጠላዋ ላይ ሳነሳ፣ «ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ቆሻሻ ነው።»

«ስትነግሪያት ሳቀች?» አለች።

«ሳቀች።»

«አንቺስ?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ፊቴን አታይም። «ሳቅኩ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ጉልበቷን በእጇ እያሻሸች፣ «ሰውየው መልካም ሰው ነበር» አለች።

ጠዋት ሐኪም ቤት ስንሄድ ጓደኛዬ ፈቃድ ጠይቃ አብራን መጣች። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጦ ነበር። ከበራችን ደረጃ ስንወርድ እናቴ እጇን ዘረጋች። ያዝኳት። ጣቶቼን በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ጠጉር የሚለቅም እጅ ይታወቃል፣ ይሻክራል። ግን የጓደኛዬም እጅ ያው ነው። «አንቺ ማነሽ?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። «አንቺ ዕቃዬን ያዢልኝ» ብላ እጇን አወጣችና ወደ ሌላው ጎን ዘረጋችው። የታሪኩን ላኪ ተደግፋ ሄደች። እኔ ፌስታሏን ይዤ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ሞራው በደህና ተገፈፈ። ፋሻው ሲነሣላት መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ እጆቿን አየች። «አርጅቻለሁ» አለች። እኔን ስታየኝ «ከስተሻል» አለችኝ። ሐሙስ መናኸሪያ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫዋን ካገኘች በኋላ መስኮቱን ከፍታ ጠራችኝ።

«ስትነግሪያት እንዴት ነበር የሳቅሽው? በዓይኔ ልየው» አለች።

ስትቀልድ መሰለኝ፤ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም፤ አልተቆጣችምም። ልጇ ያላሳየቻትን ነገር ልታይ የፈለገች ሴት ፊት ነበር። አፌን ለመክፈት ሞከርኩ፤ የእትዬ ጥርስና በጥርሳቸው መሃል ያለው ቆሎ ታየኝ፣ አፌን ዘጋሁት። እናቴ አውቶቡሱ ሞተሩን እስኪያስነሣ ድረስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ዞረች።

እሑድ ሳሎን መሄድ ትቻለሁ። ኩሩ ነች ይሉኛል፤ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ።